የማላውቃቸው ልጆች መቃብር ላይ ለምን አለቅሳለሁ?

ደብዳቤው፦

«ሰላም እህቴ፣ ይሄን ስጽፍልሽ እያፈርኩ ነው። ከስራ ስመለስ መንገድ ለማሳጠር በአንድ አሮጌ መካነ መቃብር ውስጥ ነው ማልፈው። አሁን ማንም አይቀበርበትም፣ ድንጋዮቹ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከአምስት ወር በፊት ዝናብ ሲይዘኝ ዛፍ ስር ልጠለል ብዬ ከመንገዱ ወጣ ስል ጥግ ላይ ትናንሽ ድንጋዮች ተደርድረው አየሁ፣ ሁሉም የልጆች ናቸው። አንዱ ላይ 4 ዓመት ከ2 ወር ከ6 ቀን ይላል። የኔም ልጅ ያኔ ልክ አራት ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። እዛው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሌላው ላይ የሦስት ወንድማማቾች ስም አለ፣ ሦስቱም በ11 ቀን ውስጥ ነው የሞቱት። ከሱ አለፍ ብሎ ደሞ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ አንዱ ልጅ ሲሞት ቀጥሎ ለተወለደው ያንኑ ስም አውጥተውለት እሱም ሞቷል። በወላጆቹ ተናደድኩ፣ ልጅ እንደ እቃ ይተካል እንዴ? አንዳንዱ ላይ ደሞ የተኛ ውሻ ሚመስል ነገር ተቀርጿል። ከዛ ወዲህ በሳምንት ሦስት አራቴ እሄዳለሁ፣ አበባ አደርጋለሁ፣ አንዴ የልጄን አሻንጉሊት ወስጄ የአራት ዓመቷ ልጅ ጋ አስቀመጥኩላት። ማታ ማታ እየተነሳሁ ልጄ መተንፈሷን አያለሁ። ባሌ ሲሰማ "ሟርት ነው፣ ሞትን ወደ ቤታችን አትጥሪ" አለኝ፣ አሁን ስራ አምሽቼ ነው እያልኩ እዋሸዋለሁ። ልጅ ሞቶብኝ አያውቅም፣ ጽንስም ወርዶብኝ አያውቅም። ታድያ ምን ነካኝ? ላቁም? ልጄንስ አንድ ቀን ብወስዳት ችግር አለው?
እንቅልፍ ያጣች እናት»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ በሦስተኛው ስልኬን አስቀምጬ ወጣ ብዬ ተንፍሼ ነው የተመለስኩት። ምን ነካኝ ላልሽው ምንም አልነካሽም። የልጅ መቃብር አይታ ሆዷ ማይባባ እናት ብትኖር ነው እኔን ሚገርመኝ። ምናልባት ሰው «የተደበቀ ሀዘን ይኖርሻል፣ ከውስጥሽ ፈልጊው» ምናምን ሊልሽ ይችላል፣ እኔ ግን አልልሽም። የለም ብለሻል፣ አመንኩሽ። ሰው ለማያውቀው ልጅ እንዲያለቅስ የግድ የራሱ ልጅ መሞት የለበትም።

እኔን ቆም ያደረገኝ ያ ቁጥር ነው። 4 ዓመት ከ2 ወር ከ6 ቀን። በድሮ ድንጋዮች ላይ የአዋቂም እድሜ አንዳንዴ እንደዛ በወርና በቀን ተቆጥሮ ይገኛል፣ የልጅ ሲሆን ግን እነዛ ስድስት ቀናት ሌላ ነገር ናቸው። አንቺ ልጅሽ ገና አራስ እያለች ስንት ጊዜዋ ነው ሲሉሽ በሳምንት አልነበር ምትመልሺው? ስድስት ሳምንት ከሦስት ቀን፣ እንደዛ። እናት ቀን ትቆጥራለች። ያቺ የማታውቂያት ሴትም ስትቆጥር ኖራ ስድስተኛው ቀን ላይ ነው ቁጥሩ የቆመባት፣ ከዛ ሄዳ ለድንጋይ ጠራቢው ነገረችው፣ ስድስቷን ቀን እንዳትረሳ ብላ፣ እሱም አንድ በአንድ በመዶሻ ቀረጻት። አንቺ ቁጭ ብለሽ ያለቀስሽው ለሷ ጭምር ይመስለኛል፣ እናት ለእናት።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እዚህ መልስ ላይ ምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንዳንድ ስመ ጥር የታሪክ ጸሐፊዎች «በድሮ ዘመን ልጆች በብዛት ስለሚሞቱ ወላጆች ያን ያህል ልባቸውን አይሰጧቸውም ነበር» ብለው ጽፈው ነበር። ብዙ ሰው እስካሁን ይሄን ይደግመዋል፣ የድሮ ሰው ጠንካራ ነበር፣ ለምዶት ነበር ይላሉ። ከነሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የዛን ዘመን ሰዎች የግል ማስታወሻና ደብዳቤ ሲያገላብጡ ያገኙት ግን እንደኛው አንጀቱ የተላወሰ ወላጅ ነው። ለኔ ደብዳቤውም አያስፈልገኝም፣ ያቺ ድንጋይ ትበቃኛለች። ልቡን ያልሰጠ ሰው ቀን አይቆጥርም። መልመድ ሚባለውም ነገር እንዴት ይሆናል፣ ለብዙ ሺ ዓመታት በየትኛውም የዓለም ክፍል ከሚወለዱት ልጆች ግማሽ ያህሉ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ነበር ሚሞቱት፣ ግማሽ ማለት እኮ በየቤቱ ማለት ነው፣ ጎረቤትም እህትም ሞቶባታል፣ ግን የጎረቤት ልጅ መሞቱ ያንቺን ልጅ ሞት አቅልለሽ እንድታዪው አያደርግም።

አሁን ስለራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ ዓምድ ላይ ጽፌው አላውቅም። ከኔ በፊት የተወለደች እህት ነበረችኝ፣ 9 ቀን ኖራ ሞታለች። እናቴ አልጋ ላይ እያለች ነው ወስደው የቀበሯት፣ አላሳዩዋትም፣ ቦታውንም በደንብ አልነገሯትም፣ እንዳይብስባት ብለው ነው። ያኔ እንደዛ ነበር ሚደረገው። በብዙ ሀገር ሆስፒታሎች ውስጥ ሳይቀር እስከ 1970ዎቹና 80ዎቹ ድረስ ሞቶ የተወለደ ልጅ ለእናቱ ሳይታይ ይወሰድ ነበር፣ ቶሎ ሌላ ውለጂ ትረሺዋለሽ ትባል ነበር። እናቴ ሌላ ወለደች፣ እኔን፣ አልረሳችም። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን ቦታውን እንፈልገው አለችኝና ሄድን፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ዞርን። ድንጋይ የለም፣ ምልክት የለም፣ ሳር ብቻ ነው። እናቴ መጨረሻ ላይ አንድ የማናውቀው ልጅ መቃብር ጋ፣ ድንጋይ ያለው፣ እዛ ጋ ቆመችና የእህቴን ስም ጠርታ አለቀሰች። ስሟን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዛ ቀን ድረስ ስም እንዳላትም አላውቅም ነበር።

ለዛ ነው የማያውቁት ልጅ ድንጋይ ጋ ቆሞ ማልቀስ እብደት ሊመስለኝ ማይችለው። ድንጋይ ያገኙት ልጆች ጥቂቶቹ ናቸው እኮ። ድንጋይ ለማሰራት አቅም ይጠይቃል፣ አብዛኛው ድሃ ልጁን የቀበረው በእንጨት ምልክት ነው ወይ ያለምንም ምልክት፣ እንጨቱ ደሞ በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል። አንቺ ያየሽው ረድፍ መሀል ባዶ ሚመስል ቦታ ካለ ባዶ ላይሆን ይችላል። ሰዎቹ ድንጋይ ሲያቆሙ ለራሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ስም መጻፍ አያስፈልጋቸውም ነበር፣ የት እንደቀበሩት ያውቁታላ። የጻፉት ለሚያልፍ ሰው ነው። እኛም አንድ ቀን እንሞታለን፣ ያኔ ይሄ ልጅ እንደነበረ ማን ያውቃል ብለው ነው። ይሄው ከ100 ዓመት በኋላ ዝናብ የያዛት አንዲት ሴት መጥታ ቁጭ ብላ አነበበችው፣ እነሱ የፈለጉት እኮ ይሄንኑ ነበር።

ቻርልስ ዳርዊንን ታውቂዋለሽ፣ የዝግመተ ለውጡን ሳይንቲስት። አኒ ሚሏት ሴት ልጁ እ.ኤ.አ. በ1851 ለህክምና በወሰዳት ማልቨርን ሚባል ከተማ በ10 ዓመቷ ሞተችበት። ሚስቱ ኤማ ቤት ነበረች፣ ለመውለድ የቀረበች ነፍሰ ጡር፣ እሱም ወደሷ ልድረስ ብሎ ቀብሩን እንኳን ሳይጠብቅ ተመለሰ። ድንጋዩ ላይ «ውድና ጥሩ ልጅ» ተብሎ ተጻፈላት፣ በቃ ይቺው ናት። ከ12 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲሄዱ ኤማ መቃብሩን ፈልጋ አጣችው፣ ጠባቂውም አብሮ ፈልጎ አጣው፣ ድንጋዩ ተሰርቆ ይሆናል እስከማለት ደርሰው ነበር፣ ቀደም ብሎ ቦታውን አይቶ ለነበረ ዘመዳቸው ደብዳቤ ተጽፎ ነው በኋላ የተገኘው። ያን ያህል የተማረና ያን ያህል ያለው ሰው የልጁን መቃብር ሲያጣ ሳነብ እናቴ ሳሩ ላይ ስትዞር ነው የታየችኝ።

ወደ ሦስቱ ወንድማማቾች ልምጣ። በ11 ቀን ሦስት ልጅ ያልሽው እንቅልፍ ከነሱሽ ነገሮች አንዱ እንደሆነ ያስታውቃል። ድንጋዩ ምክንያቱን ካልጻፈ በእርግጠኝነት ይሄ ነው ልልሽ አልችልም፣ ግን በዛን ዘመን የአንድ ቤት ልጆች እንደዛ በተከታታይ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ተላላፊ በሽታ ነው፣ ከነዛ ውስጥ ደሞ ወላጆች ስሙን ሲሰሙ ሚንቀጠቀጡለት ዲፍቴሪያ ነበር። ጉሮሮ ውስጥ ግራጫ ሽፋን እያበጀ መተንፈሻ ይዘጋል፣ መርዙ ደሞ ልብን ይጎዳል። አንድ አልጋ ላይ ሚተኙ ልጆች፣ በአንድ ኩባያ ሚጠጡ፣ አንዱ ሲያስል ሌላው ይይዘዋል። በትኩሳትና በቀይ ሽፍታ ሚመጣው ስካርሌት ፊቨርም፣ ኩፍኝም፣ ትክትክም ቤት ያራቁቱ ነበር። ፔኒሲሊን እንኳን የተገኘው በ1928 ነው፣ በሰፊው ለሰው መዳረስ የጀመረው በ1940ዎቹ። ያቺ እናት የመጀመሪያውን ቀብራ ስትመለስ ሁለተኛው ያስል ነበር ማለት ነው፣ እና ልታደርግለት ምትችለው ምንም ነገር አልነበራትም፣ ማቀፍ ብቻ።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ፣ ይሄ ማታ ማታ ለምትነሺበት ነገር ይጠቅምሻል ብዬ ነው። የዲፍቴሪያ መድኃኒት ሚሆን ሴረም በ1890ዎቹ ተገኘ፣ ኤሚል ፎን ቤሪንግ ሚባል ሐኪም በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ያገኘው በዚሁ ስራ ነው። ክትባቱ ደሞ በ1920ዎቹ መጣ። ልጅሽ በ6ኛ ሳምንቷ፣ በ10ኛውና በ14ኛው አካባቢ ጭኗ ላይ ተወግታ የጮኸችበት መርፌ በብዙ ሀገር አምስት በሽታ ሚከላከለው ነው፣ ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ ቲታነስ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ሚያመጣው ሂብ ሚሉት ባክቴሪያ። አሀ በይ፣ ያ መርፌ ከነዛ ሦስት ልጆች ድንጋይ ጋ በቀጥታ ይገናኛል። ፈንጣጣ በ1980 ከዓለም ላይ ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። ከአምስት ዓመት በታች ሚሞቱት ልጆች በ1990 በዓለም ደረጃ ከ1000 ውስጥ 93 ነበሩ፣ በ2022 ወደ 37 ወርደዋል። 37ም ብዙ ነው፣ በዛ ዓመት ብቻ 4.9 ሚሊዮን ልጅ ማለት ነው፣ የአሮጌ መቃብር ነገር አልፏል ማለት አይቻልም፣ ዛሬም አዲስ ትናንሽ መቃብሮች እየተቆፈሩ ነው። ግን አንቺ ማታ ልጅሽ አልጋ ጋ ስትቆሚ የቆምሽው በዛች ሴት ዘመን አይደለም። እዛ ድንጋይ ላይ ያነበብሽው ፍርሃት የሷ ነው፣ ሳታውቂው ይዘሽው ቤት ገባሽ።

ደሞ አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ። ልጅሽ ያኔ አራት ዓመት ከሁለት ወሯ ከነበረ አሁን ያቺን ልጅ በአምስት ወር ትበልጣታለች። ስድስተኛው ቀን ያለፈ ዕለት ምን ተሰማሽ? እኔ በቦታሽ ብሆን መጀመሪያ እፎይ እል ነበር፣ ወዲያው ደሞ ስለ እፎይታዬ አፍር ነበር። ልጆች መቃብር ጋ ቆሞ «ተመስገን የኔ አይደለችም» ማለትና ከዛ ደሞ ያቺን እናት የከዳሽ መምሰል፣ ይሄ ስሜት ብዙ ሰው ላይ አለ፣ አይናገሩትም እንጂ። ክህደት አይደለም። ያቺ ሴት ብታይሽ ልጅሽ አምስት ወር በለጠች ብላ ሚከፋት ይመስልሻል? እኔ አይመስለኝም።

ስሙን ሁለቴ ስላወጡት ወላጆች ግን አልስማማም፣ በጣም ነው የተቆጣሻቸው። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲደረግ የኖረ ነገር ነው። ስሙ የአያት ይሆናል፣ እንዳይጠፋ ይፈለጋል፣ ወይ ደሞ ቤት ውስጥ ያ ስም ሳይጠራ መኖር አልቻሉም፣ የጠሩት ቁጥር ሁለቱንም እየጠሩ ይሆናል። ሰዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎህ እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1853 ነው የተወለደው፣ ልክ ከአንድ ዓመት በፊት በዛኑ ቀን ማርች 30 ቀን 1852 ቪንሰንት ሚባል ወንድሙ ሞቶ ተወልዶ ነበር። ኔዘርላንድ ውስጥ ዙንደርት ሚባል ቦታ፣ አባቱ ሰባኪ ከነበረበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መቃብሩ አለ፣ ስለዚ ልጁ ፊደል ሲቆጥር የራሱን ስም መቃብር ላይ ማንበብ ይችል ነበር ማለት ነው። ለሁለተኛው ልጅ ከባድ ነው ብትዪ እስማማለሁ፣ በሰው ቦታ እንደተቀመጥሽ ሊሰማሽ ይችላል፣ እኔም የዘጠኝ ቀኗ እህቴ ባትሞት እወለድ ነበር ወይ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ግን ንቀት አልነበረም። ሁለተኛው ሲሞት ያንኑ ስም ድንጋይ ላይ ደግማ ያስጻፈችውን ሴት እስቲ ባይነ ህሊናሽ ሳያት።

ውሻ የመሰለሽ ነገር የበግ ግልገል ሳይሆን አይቀርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ የክርስቲያን ሀገሮች ልጆች መቃብር ላይ በጣም የተለመደ ምልክት ነው፣ የዋህነት ለማለት ነው። እምነበረድ ከሆነ ዝናብ ቀስ እያለ ያሟሟዋል፣ ጆሮውና አፍንጫው ይጠፋል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ድቡልቡል ነገር ብቻ ይቀራል። እምቡጡ የተቀነጠሰ አበባም ካየሽ፣ ባዶ ወንበር ወይ ትናንሽ ጫማ ካየሽ፣ እነሱም የልጅ ምልክቶች ናቸው። ጫማው እኔን አንጀቴን ነው ሚበላኝ።

አሁን ወደ ቤትሽ። ላቁም ወይ ላልሽው፣ አታቁሚ፣ ግን ቀንሺ። በሳምንት አራቴ ብዙ ነው። መሄዱ ኃጢአት ሆኖ አይደለም፣ እንቅልፍሽ እስኪመለስ ፍርሃቱ እረፍት ያስፈልገዋል ብዬ ነው። በሳምንት አንዴ ይሁን፣ ቀን ቀን፣ ሳትቻኮዪ፣ ስታለቅሺም ሙሉውን አልቅሺና ውጪ። ሌላውን ቀን በሌላ መንገድ ዙሪ። ማታ ልጅሽን አንዴ እዪያት፣ ልትተኚ ስትዪ፣ በቃ አንዴ። ከዛ በኋላ የመጣውን ሀሳብ ተነስተሽ ካየሽለት ነገ ማታ ሁለቴ ያስነሳሻል፣ እኔ ልጄ ትንሽ እያለች አይቼዋለሁ፣ ባየሁ ቁጥር ይረጋጋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ነው የባሰብኝ። ይሄን ሞክረሽ ሦስት አራት ሳምንት አልፎም እንቅልፍ ከሌለሽ፣ ወይ ልጅሽን ለሰው ትተሽ ለመውጣት እየፈራሽ ከመጣሽ፣ ወይ ስራ ላይ ሆነሽ የሞቷ ምስል እየመጣ ካስቸገረሽ ሐኪም ወይ የስነ ልቦና ባለሙያ አናግሪ። ይሄንን እንደ ማስፈራሪያ አትውሰጂብኝ፣ የጭንቀት ህመም ይታከማል፣ ብዙ እናቶች ታክመውታል።

ባለቤትሽ። ሟርት ማለቱ እኔንም ከፍቶኛል፣ ተሳስቷልም። ድንጋይ ያነበበ ሰው ሞት አይጠራም፣ ቢጠራ ኖሮ የመካነ መቃብር ጥበቃዎች ልጅ ባላሳደጉ ነበር። ግን ጨካኝ ሰው አይመስለኝም፣ የፈራ ሰው ነው። አንቺ ስትፈሪ ተነስተሽ ትንፋሿን ታዳምጫለሽ፣ እሱ ሲፈራ ነገሩ እንዳይነሳ ይከለክላል፣ ሁለታችሁም ያንኑ ልጅ ላለማጣት ነው። ስለዚ ከደብዳቤሽ ውስጥ ከማልቀሱም ከአበባውም ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ «ስራ አምሽቼ ነው» ምትይው ነገር ነው። ያን ዛሬውኑ አቁሚ። አንዴ ሚዋሽበት ነገር ከሆነ ሀዘንሽ ጥፋት ይመስላል፣ እሱም አንድ ቀን ሲያውቅ ስለ መቃብሩ ሳይሆን ስለ ውሸቱ ነው ሚያዝነው፣ እውነቱንም ነው። ልጅሽ ከተኛች በኋላ ቁጭ አድርጊውና እኔ የጻፍሽልኝን እንዳለ ንገሪው፣ 4 ዓመት ከ2 ወር ከ6 ቀን ይል ነበር በይው። ያቺን ቁጥር ነግረሽዋል? ከደብዳቤሽ አልነገርሽውም ነው የመሰለኝ። ሰው «መቃብር እሄዳለሁ» ሲባል ሚሰማውና ያቺን ቁጥር ሲሰማ ሚሰማው አንድ አይደለም። እሱም ቁጥሩን ያውቀዋል፣ የሱም ልጅ ናት። አብረን እንሂድ ብለሽ ግን አትጎትቺው፣ ከመጣ በራሱ ይምጣ።

ልጅሽን መውሰድ ችግር የለውም፣ አሁን ግን አይደለም። አንቺ ስትረጋጊ። ልጅ ድንጋዩን አይፈራም፣ ያንቺን ፊት ነው ሚያነበው። አራት ዓመት ላይ ያለ ልጅ ሞት ማይመለስ ነገር መሆኑ ገና አይገባውም፣ ብዙዎቹ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነው እየገባቸው ሚመጣው፣ ስለዚ «መቼ ትነሳለች» ብላ ብትጠይቅሽ አትደንግጪ፣ ለእድሜዋ ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበልሽ፣ ብዙ የልጅ ድንጋይ ላይ «ተኝታለች» ሚል አለ፣ ያን ለልጅሽ እንዳለ አታንብቢላት። ትንሽ ልጅ ሞተ ለማለት ተኛ ከተባለ ማታ መተኛት ሊፈራ ይችላል። ሞታለች በያት፣ ሰውነቷ መስራት አቆመ፣ ከዛ በኋላ አይበርዳትም አይርባትም፣ ቤተሰቦቿ ይወዷት ስለነበር ስሟን እዚህ ጻፉላት፣ ይበቃል። እኔም እሞታለሁ ወይ ካለች እውነቱን ንገሪያት፣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል፣ ብዙ ሰው ግን በጣም ካረጀ በኋላ ነው በያት። ያኔ ወዲያው ሊጫወት ይሄዳል ልጅ፣ መቃብሩ መሀል ሮጣ ቢራቢሮ ብታባርር አትቆጫት። ድንጋይ ላይ እንድትንጠላጠል ብቻ አትፍቀጂ፣ አሮጌ ድንጋይ ስሩ ይላላል፣ ሲወድቅ ትንሽ ልጅ ይገድላል፣ ይሄ በተለያየ ሀገር የደረሰ ነገር ነው።

ድንጋዮቹን ማጽዳት እንደምትፈልጊ እገምታለሁ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ብሩሽ ይዞ መሄዱ አይቀርም። መጀመሪያ ቦታውን ሚያስተዳድረውን ጠይቂ። ከተፈቀደልሽ ንጹህ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። በረኪና አይሆንም፣ ሽቦ ብሩሽ አይሆንም፣ ፊደሉ እንዲታይ ተብሎ ሚደረገው ጠመኔና የጺም መላጫ አረፋም ድንጋዩን ይጎዳል። ሚንኮታኮት ወይ ሚፈረፈር ከሆነ ጭራሽ አትንኪው። ማይነበብ ስም ካለ መስታወት ይዘሽ የፀሐይ ብርሃን ከጎን በኩል እንዲያርፍበት አድርጊ፣ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል፣ ፎቶ አንሺውና ስሙን ወረቀት ላይ ገልብጪው። ዝናቡ የበላውን ስም መገልበጥ ከአበባም በላይ ነው ለኔ። ስታነቢ ደሞ ድምጽ አውጥተሽ አንብቢው፣ ሰው ካለ ቀስ ብለሽ። እናቴ የእህቴን ስም ጮክ ብላ በጠራች ቀን ምን እንደቀለላት አይቻለሁ፣ ከዛ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስሟ ይጠራ ጀመር፣ በልደቷ ቀን «ዛሬ እኮ ይሄን ያህል ይሞላት ነበር» ትለኝ ጀመር፣ እኔም እህት እንዳለኝ ሰው መሆን ጀመርኩ።

አበባው ይቀጥል፣ ከነላስቲኩ ግን አታስቀምጪው። አሻንጉሊቱን ግን በሚቀጥለው ስትሄጂ መልሰሽ አምጪው። ዝናብ ላይ ጨርቅ ይበሰብሳል፣ ሻግቶ ቆሻሻ ሆኖ ሰራተኛ ነው አንስቶ ሚጥለው፣ ያን ቀን መጥተሽ ስታጪው ደሞ ሌላ ልቅሶ ነው። አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ልጅሽ እስካሁን አልጠየቀችሽም? እየፈለገችው ይሆናል።